«በሞቴ» የማይባልበት አዳራሽ

እኛ ቤት ድግስ ሲኖር አሳላፊው እኔ ነበርኩ። እናቴ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆማ በዓይኗ ትመራናለች። የማን ትሪ ጎደለ፣ የማን ብርጭቆ ደረቀ፣ ማን አኩርፎ ጥግ ያዘ፣ ሁሉም አይጠፋትም። እኛ ጭልፋ ይዘን እንዞራለን። «በሞቴ፣ ትንሽ ልጨምርልህ!» «ኧረ ጠግቤያለሁ!» «ምኑን በላህና!» እንግዳ ሦስቴ ይለመናል። ሦስቴ ያልተለመነ እንግዳ ቤቱ ገብቶ ያማል።

አሁን ኦክስፎርድ ውስጥ ባለ አንድ የቆየ ኮሌጅ የመመገቢያ አዳራሹና የአስተናጋጆቹ ኃላፊ ነኝ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከ30 በላይ ኮሌጆች አሉት። እያንዳንዱ የራሱ አዳራሽ፣ የራሱ ወጥ ቤት፣ የራሱ ጸሎትና የራሱ ቅብጠት አለው። የአክስቴ ልጅ ለሰፈሩ ሁሉ «ኦክስፎርድ ገብቷል» ብላ አውርታለች። አልዋሸችም። ገብቻለሁ። የገባሁት በጓሮ በር ነው እንጂ፤ ሳህን አጣቢ ሆኜ።

ከሳህን ማጠቢያው ወደ አዳራሹ ያወጡኝ ሰው ጎድሎባቸው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ሥጋቸውን ከግማሽ ትተው ሹካና ቢላውን ጎን ለጎን አጋደሙት። እኔ ምኑን አውቄ! ጎንበስ ብዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ጌታዬ፣ ምነው አልበሉም? ትንሽ ይቅመሱ እንጂ» አልኳቸው። ሰውየው እናቱ እንደተቆጣችው ልጅ ደንገጥ ብለው ሹካቸውን መልሰው አነሱ። ሁለት ጊዜም ጎረሱ። አለቃዬ ለካ ከግድግዳው ሥር ሆኖ ያየኛል። ወጥ ቤት ስገባ ተከትሎኝ መጣ። «ሹካና ቢላው ጎን ለጎን ከተኛ ሰውየው ጨርሷል ማለት ነው። አፍህን ዘግተህ ታነሳለህ» አለኝ። የዚያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እዚያ ቤት ጥሩ አስተናጋጅ ማለት ማንም ልብ የማይለው አስተናጋጅ መሆኑ ነው።

ፎርማል ሆል የሚባለው እራት እንዲህ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ተማሪዎቹ ጥቁር ካባ ደርበው በረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ግራና ቀኝ ይቆማሉ። ወንበር የለም፤ አግዳሚ ነው። ከአዳራሹ ጫፍ ከፍ ያለ መድረክ አለ። እዚያ ላይ በአግድም የተዘረጋውን ጠረጴዛ ሃይ ቴብል ይሉታል። የኮሌጁ ኃላፊ፣ መምህራኑና እንግዶቻቸው የሚቀመጡት እሱ ላይ ነው። መዶሻ ይመታል። ከዚያ የላቲን ጸሎት ይደርሳል። አንዳንድ ኮሌጅ ሁለት ቃል ብቻ ናት፣ «ቤኔዲክቱስ ቤኔዲካት»። ሌላው ጋ ደግሞ ትረዝማለች። አብዛኛው ተማሪ ትርጉሟን አያውቅም። እኔ ግዕዝ ሳልሰማ ቅዳሴ ቆሜ ስላደግኩ ይህ አይደንቀኝም።

አሜን ሲባል 150 ሰው በአንዴ ይቀመጣል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሰዓቱ የኔ ነው። ሦስት ዙር ምግብ፣ 12 አስተናጋጅ፣ አንድ ሰዓት ከ10 ደቂቃ። ምግብ ከግራ ይቀርባል፣ ሳህን ከቀኝ ይነሳል፣ መጠጥም ከቀኝ ይቀዳል። እኛ ኮሌጅ ሃይ ቴብል ሳይጀምር ማንም አይጀምርም። ሃይ ቴብል ሳይጨርስ ደግሞ የማንም ሳህን አይነሳም።

መከራዬ ይህቺ የመጨረሻዋ ናት። አንድ ወግ የሚወዱ መምህር አሉን። ስለ ሮማውያን የውኃ ቦይ ከጀመሩ ዓሣው እፊታቸው ይበርዳል። ጎረቤቶቻቸው ጨርሰው እጃቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ። አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ይጠብቃል። ወጥ ቤቱ ከአዳራሹ ሥር ነው። ሼፉ በስልክ «ላውጣ?» ይለኛል። «ቆይ» እለዋለሁ። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይደግመዋል፤ አሁን ስድብ ጨምሮ። ታች 150 ትኩስ ሳህን ተደርድሮ የድንቹ ጠርዝ መድረቅ ጀምሯል። ሰውየውን «ይብሉ» ማለት አይቻልም። መድኃኒቱን ያገኘሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አንድ አስተናጋጅ በውኃ ማንቆርቆሪያ እሳቸው ጋ እልካለሁ። ሰው ውኃ ሲቀዳለት ዝም ይላል። ዝም ሲል ሳህኑን ያያል። ሳህኑን ካየ ይበላል። እናቴ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር፤ ሰው ለማብላት በውኃ መዞር!

ከአስተናጋጆቼ ግማሾቹ የምሥራቅ ቲሞር ተወላጆች ናቸው። ኦክስፎርድ ውስጥ ቲሞራዊ ብዙ ነው። አገራቸው የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ስለነበረች ብዙዎቹ የመጡት በፖርቱጋል ፓስፖርት ነው። ታታሪዎች ናቸው፤ ዝምታም ያውቁበታል። በፈረንጆቹ 2021 እንግሊዝ ለአውሮፓ ሠራተኛ በሯን ስትዘጋ አዲስ ሰው ማግኘት ዳገት ሆነብኝ። እንደዚያ ሲሆን ክፍተቱን በተማሪዎች እሞላለሁ። ትናንት ሽርጥ አስሮ ሳህን ያነሳ ልጅ ዛሬ ካባ ለብሶ ይቀመጣል። ሥራው ደግሞ ወቅታዊ ነው። ሦስት የትምህርት ወቅቶች አሉ፤ ሚካኤልማስ፣ ሂላሪ፣ ትሪኒቲ። እያንዳንዳቸው 8 ሳምንት ናቸው። በመካከል አዳራሹ ለስብሰባና ለሠርግ ይከራያል፤ ወይም ጭር ይላል። ጭር ሲል በሰዓት የሚከፈላቸው ልጆች ቤት ኪራይ አይቀርላቸውም። የሰው ስም ከፕሮግራሙ ላይ የምሰርዝበት ቀን ስልኬን ባላነሳ እመርጣለሁ።

አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማስተምረው ስለ ቢላና ሹካ አይደለም። ስለ አለርጂ ነው። ሕጉ 14 ነገሮችን ይዘረዝራል፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ሰናፍጭ እያለ ይቀጥላል። የጎጃም ሰው ይስማ፤ ግብጦም አለበት! ከእራቱ በፊት ሁሉንም ሰብስቤ የመቀመጫውን ወረቀት እናነባለን። ሦስተኛ ጠረጴዛ፣ ከመስኮት በኩል ሰባተኛዋ ልጅ፣ ለውዝ አይነካትም። ተማሪዎቹ ደግሞ ከጓደኛ አጠገብ ለመሆን ቦታ ይቀያየራሉ። ስለዚህ ሳህኑን ከማስቀመጣችሁ በፊት ስም ጠይቁ እላለሁ። አገር ቤት «በሞቴ» ብለህ ታጎርሳለህ። እዚህ ሳታጣራ ካጎረስክ በእሱ ሞት ነው።

ይህን ሥራ በአማርኛ ምን እንደምለው ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «የአስተናጋጆች ኃላፊ» እላለሁ። ልቤ ግን አጋፋሪ ይላል። በምኒልክ ግቢ ግብር ሲገባ ሰውን በየማዕረጉ የሚያስገባውና ሥርዓቱን የሚያስከብረው አጋፋሪ ነበር። ንጉሡ ከፍ ያለው ቦታ ላይ፣ መኳንንቱ ቀረብ ብለው፣ ጭፍራው ከታች። ጠጁን በወይን፣ ቁርጡን በበግ ጥብስ ተካው፤ ያው ነው። ደግሞ ይሄ ፖርት የሚሉት ጣፋጭ ወይን አለ። ከእራት በኋላ ጠርሙሱ ወደ ግራ ብቻ ነው የሚዞረው። አንዱ ረስቶ እፊቱ ካስቀረው «አምጣ» አይባልም። «የኖርዊች ጳጳስን ያውቋቸዋል?» ተብሎ ይጠየቃል። እኛ ነን ሰምና ወርቅ እናውቃለን የምንለው!

ባለፈው በሂላሪ የሆነውን ልንገራችሁ። ሁዳዴ ገብቷል። የቀኑን የእንግዳ ዝርዝር ሳይ ሃይ ቴብል ላይ የሀበሻ ስም አገኘሁ። ብራና ለማየት ከአገር ቤት የመጡ መምህር ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት የግዕዝ ብራናዎች አሉት፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ይዞት የወጣው መጽሐፈ ሄኖክም እዚያ ነው። ከስማቸው ጎን «ቬጀቴሪያን» ተብሏል። ጋባዣቸው ደግ አስቦ መሆኑ ነው። ወጥ ቤት ወርጄ ምን እንደተሠራ ጠየቅኩ። የእንጉዳይ ሪዞቶ። ቅቤ አለው፣ አይብ አለው።

«ጾመኛ ናቸው» አልኩት ሼፉን።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቪጋን በለው።»

«ሁለት ሰዓት ብቻ ሲቀረው?» የተሳደበውን እዚህ አልጽፈውም። «ዓሣስ?» አለኝ ቀጥሎ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን የኛን ክርክር በየትኛው እንግሊዝኛ ላስረዳው? «ተወው» አልኩት። እየተነጫነጨ ሽምብራ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ሠራ። ጎኑ ላይ የተጠበሰ ዱባ አደረገበት። የኔ ሰዓት በዚሁ ሄደ። ሠራተኞች የሚበሉት ከ11 ሰዓት እስከ 11 ተኩል ነው። እሱ ካለፈ አለፈ። ከዚያ በኋላ ሁለት ያልተጠበቁ እንግዶች መጡና የመቀመጫውን ወረቀት እንደገና ስሠራ ጸሎት ደረሰ።

ያቺን ሳህን ለማንም አልሰጠሁም። ራሴ ይዤ ወጣሁ። ሰውየው ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ በኮታቸው ላይ ነጠላ ደርበው ተቀምጠዋል። ሹካዎቹን በዓይናቸው ይቆጥራሉ። በግራቸው በኩል ጎንበስ አልኩና በጆሯቸው «የጾም ነው፣ የኔታ። ቅቤ የለውም» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ብድግ አሉ።

ሃይ ቴብል ላይ በእራት መካከል ማንም አይነሳም። የፊተኛው ረድፍ ተማሪዎች ጸሎት የደረሰ መስሏቸው ግማሾቹ አብረው ተነሱ። የኔታ ግድ አልሰጣቸውም። ትኩስ ሳህን በእጄ እንደያዝኩ ትከሻቸውን ሰጡኝ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። «የማን ልጅ ነህ? ከወዴት ነህ?» እኔ ሳህኑ እንዳይዘነበል እየተጨነቅኩ መለስኩ። ጣቴ ተቃጥሏል። ያ የሮማውያን ቦይ አዋቂ ሹካቸውን አስቀምጠው አፋቸውን ከፍተው ያዩናል። «ለካ ኢትዮጵያዊ ነህ!» አሉ። ስድስት ዓመት ውኃ የማስቀዳላቸው ሰው ናቸው። ቀጥለው ለየኔታ፣ ራስ ተፈሪ በፈረንጆቹ 1924 የክብር ዶክትሬት የተሰጣቸው «ከዚያኛው ቦታ» ነው ብለው በቅሬታ ነገሯቸው። ተቀናቃኙን ዩኒቨርሲቲ ካምብሪጅን ማለታቸው ነው። እዚህ በስሙ መጥራት አይወዱም።

ሳህኑን አስቀመጥኩ። ወደ ግድግዳዬ ልመለስ ስል የኔታ እጅጌዬን ያዙኝ።

«አንተስ በላህ?»

አራት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ባዶ ሆነ። ታች ወጥ ቤት ውስጥ አንዷ ቲሞራዊት ብርጭቆ ትወለውላለች፤ ከሁሉም ረጅም ዕድሜ የሠራችው እሷ ናት። ሥነ ሥርዓቱ ሲፈርስ ከበሩ ሥር ቆማ አይታለች። «ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ምን አሉህ?» አለችኝ።

«በላህ ወይ አሉኝ።»

«አንተስ?»

«በልቻለሁ አልኳቸው።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። ከሽምብራው ድስት ውስጥ ትንሽ ተርፏል። ምንም ሳትለኝ ማንኪያ አድርጋ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።