አበባው የታል?

ተክሉን መጀመሪያ ያየሁት በእጅ ባትሪ ነው። ከዋሻው አፍ ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ውስጥ ገብተናል። የቀን ብርሃን እዚያ ድረስ ይደርሳል ለማለት ይከብዳል፤ ዓይን እስኪለምደው ድረስ የራስን ጣት መለየት አይቻልም። የኖራ ድንጋዩ ግድግዳ ረጥቧል። ውሃ የሚንጠባጠብበት አንድ ስንጥቅ ውስጥ ቀጭን ግንድና እንደ ሉክ የሳሳ ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል በቅሏል። ፀጉር የሚባል ነገር የለውም። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

ጨለማ ውስጥ የሚያብብ ተክል አለ ሲባል ብዙ ሰው አያምንም። አለ። አሌክስ ሞንሮ የሚባለው የዕፅዋት ተመራማሪ ከቻይና ባልደረቦቹ ጋር በ2012 እ.ኤ.አ. ፒሊያ ካቨርኒኮላ የተባለ ዝርያ ለሳይንስ አስተዋውቋል። የስሙ ሁለተኛ ክፍል በላቲን «ዋሻ ነዋሪ» ማለት ነው። ተክሉ በጓንግሺ ክልል ከሚገኝ ዋሻ የተገኘ ሲሆን፣ በጥልቁ ክፍል የተለካው ብርሃን ውጭ ካለው 0.04 በመቶ ብቻ ነበር። ውጭ 2,500 እጅ ብርሃን ቢኖር ውስጥ አንድ እጅ እንደማለት ነው። የሳማ ዘመድ ነው፤ ግን አይለበልብም። ኋላ ላይ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ቻይና ዋሻዎች በተደረገ ሰፊ ጥናት ከ400 በላይ የዕፅዋት ዝርያዎች ተመዝግበዋል። እኛም ያገኘነው የዚያው የፒሊያ ወገን ስለነበር፣ ይህን ሁሉ ያነበበ ጀማሪ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም።

ሦስት ግንድ ቆረጥኩ። ሁለቱ ትልልቅ ናቸው። ሦስተኛዋ ከሥራቸው የበቀለች ትንሽ ነገር ነች፤ የእነሱ ቡቃያ መሰለችኝ። ሦስቱንም አንድ ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ፣ አንድ የናሙና ቁጥር ሰጥቼ ተክል ተጭኖ የሚደርቅበት መጫኛ ውስጥ አስገባኋቸው። ጥፋቱ እዚህ ጋ ተጀመረ።

ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች ወደሚቀመጡበት ቤት፣ ተመልሼ የታወቁትን ዘመዶቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። ማንንም አይመስልም። ከዋሻው ውጭ በብዛት የሚበቅለው የቅርብ ዘመዱ ቅጠሉ ትንሽ፣ ወፍራምና ፀጉራም ነው። የእኔው ሰፊ፣ ስስና ልሙጥ። በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀትም እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ለካሁ፣ ሳልኩ፣ ገለጻውን ጻፍኩ። ስም ሁሉ መረጥኩለት። ከዚያ ረቂቁን ይዤ ወደ ኃላፊዬ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ያሳለፉ ሴት ናቸው። ረቂቁን ገና ሁለት ገጽ ሳያነቡ ቀና አሉ።

«አበባው የታል?»

«አልነበረውም ዶክተር። ወቅቱ አልደረሰም መሰለኝ።»

«ታዲያ ምኑን አይተህ ነው አዲስ ነው ያልከው?»

«ቅጠሉን።»

«ቅጠሉን እንዲህ ያደረገው ጨለማው ቢሆንስ?»

መልስ አልነበረኝም። ነገሩን በንድፈ ሐሳብ አውቀዋለሁ። ብርሃን ያጣ ተክል ግንዱን ያስረዝማል፤ ቅጠሉን ያሰፋል፣ ያሳሳዋል። ያገኛትን ጥቂት ብርሃን ለመሰብሰብ ነው። አንድ ዝርያ ፀሐይ ላይና ጥላ ሥር ሲበቅል ሁለት የተለያየ ነገር ሊመስል ይችላል። የፈተና ወረቀት ላይ ይህን ደጋግሜ ጽፌዋለሁ። ዋሻው ውስጥ ግን ከናካቴው ትዝ አላለኝም፤ አዲስ ነገር ማግኘት በጣም ፈልጌ ነበር።

የዕፅዋት ስያሜ ሕጉ አበባ አያስገድድም። ከ1958 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚያስገድደው የዓይነት ናሙና፣ ማለትም ስሙ ለዘለዓለም የሚታሰርበት ተክል፣ ተለይቶ እንዲጠቆም ነው። በእንዲህ ዓይነት ተክሎች ግን ያለ አበባና ፍሬ መናገር ከባድ ነው። ወንዴውና ሴቴው አበባ ይለያያሉ፤ ሁለቱም ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አይበልጡም። የዝርያው ማንነት ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ዶክተሯ ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው ናሙናውን ማየት ጀመሩ። ቅጠሉ ሲደርቅ ላዩ ላይ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ይታያሉ፤ ሲስቶሊት ይባላሉ። አቀማመጣቸው በቀላሉ ስለማይቀየር ጥሩ መለያ ናቸው። ትልልቆቹን አዩ። ከውጭው ተክል ናሙና ጋር አስተያዩዋቸው። አንድ ነው። ከዚያ ትንሿ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ቆዩ።

«ይቺን ከእናቷ ጋር አስተያይተሃታል?»

አላስተያየኋትም። እናቷ እንዳልሆነች እንኳ አልጠረጠርኩም። በትልልቆቹ ላይ ቅንጣቶቹ በቅጠሉ በሁለቱም ገጽ ሲኖሩ በእሷ ላይ ከላይ ብቻ ናቸው።

ፈቃድ አውጥተን ተመለስን። ከሁለቱም ዓይነት ቅርንጫፍ ቆርጠን፣ ለየብቻ ቁጥር ሰጥተን፣ ውጭ ጥሩ ብርሃን ባለበት ተከልናቸው። ወራት ፈጀ። በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሄጄ አያቸው ነበር። የትልልቁ አሮጌ ቅጠሎች ረገፉ፤ አዲሶቹ ትንሽ፣ ወፍራምና ፀጉራም ሆነው ወጡ። ውጭ የምናውቀው ተራ ተክል ነበር። ትንሿ ግን ብርሃኑም አልቀየራት። ቅጠሏ ትንሽ ወፈረ እንጂ ቅርጿም ቅንጣቶቿም ያው ናቸው።

አዲሷ ዝርያ እሷ ነበረች። ቡቃያ ናት ብዬ ያለፍኳት።

እስካሁን የሚያሳስበኝ ረቂቁ ቢታተም ኖሮ ይሆን የነበረው ነው። ስም አንዴ በደንቡ ከታተመ ተመልሶ አይሰረዝም፤ ቢሳሳትም ተደራቢ ስም ሆኖ መዝገብ ላይ ይኖራል። የእኔ ናሙና ደግሞ አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዝርያ የያዘ ነበር። እንዲህ ያለ ናሙና ሲያጋጥም ስሙ ከገለጻው ጋር ይበልጥ ከሚስማማው ክፍል ጋር ይቀራል። የእኔ ገለጻ የትልልቁ ነው። ስለዚህ ስሙ ለታወቀ ተክል ትርፍ ስም ይሆን ነበር፤ ትንሿም እዚያው ወረቀት ላይ ስም ሳይኖራት ትቀር ነበር። አንድ ዋሻ ውስጥ ብቻ ላለ ተክል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስም የሌለው ዝርያ ጥበቃ በሚያስፈልጋቸው ዝርዝር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። ዋሻው ድንጋይ ለማውጣት ቢፈርስ መጥፋቱንም የሚያውቅ የለም።

አሁን ናሙና ስሰበስብ እያንዳንዱን ግንድ ለብቻው ጋዜጣ ላይ ነው የማደርገው። ጊዜ ይወስዳል፤ አብረውኝ የሚወጡት ልጆችም ያጉረመርማሉ።

አበባውን ለማየት በወቅቱ ሦስተኛ ጊዜ ሄድን። ዶክተሯ ጉልበታቸውን እያመማቸው አብረውኝ ገቡ። ስንጥቁ አጠገብ ተንበርክከው ባትሪውን ከጎን ያዙልኝ። የሳማ ቤተሰብ ወንዴ አበባ የዱቄት ዘንጎቹን ወደ ውስጥ አጥፎ እንደ ተወጠረ ምንጭ ይዟቸው ይቆያል፤ ሲደርስ በአንዴ ተፈናጥረው የአበባ ዱቄቱን ይበትናሉ። በመጽሐፍ አውቀዋለሁ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ማጉያውን አስጠግቼ ስጠብቅ አንዷ ተፈናጠረች። ነፋስ በሌለበት አየር ላይ ቀጭን ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር በባትሪው ብርሃን ውስጥ ተንሳፈፈ።

«አየኸው?» አሉኝ ዶክተሯ በሹክሹክታ።

«አየሁት።»

«በል አሁን ጻፍ።»