ላሜራ ላልሆነው ነገር የላሜራ መሣሪያ

የዕለት ሥራዬ ላሜራ ነው። በር፣ የወጥ ቤት ጭስ መሳቢያ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥን እነድፋለሁ። ፊውዥን (ቀድሞ ፊውዥን 360) በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ላይ «ሺት ሜታል» የሚባለውን የላሜራ ክፍል ስጠቀምበት ዓመታት አልፈዋል። ዕቃውን እንደታጠፈ አድርጌ እስላለሁ፣ ፕሮግራሙ ዘርግቶ ይሰጠኛል፣ ዝርጉ ወደ መቁረጫ ይሄዳል። ለብረት እንጂ ለሌላ ነገር ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ካርቶን ነው።

አንዲት ጓደኛዬ ቡና ቆልታ ትሸጣለች። ለበዓል ስጦታ የሚሆን ማሸጊያ ፈለገች። አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ሳጥን ሠራንላት። በሳጥኑ ላይ እንደ እጅጌ የሚጠልቅ የካርቶን ልባስ ደግሞ ያስፈልግ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ካርቶንም ዝርግ ነው፣ ውፍረቱ አንድ ወጥ ነው፣ ይታጠፋል። ታዲያ ለምን በእጅ እለካለሁ? ውፍረቱን 3 ሚሊ ብዬ አስገባሁና እንደ ላሜራ ሠራሁት። ዝርጉን ሌዘር መቁረጫ ላላቸው ልጆች ላክሁ። 20 ፍሬ ቆረጡልኝ።

አንዱም አልገባም።

አራት ጊዜ የታጠፈው ልባስ በእያንዳንዱ ጎን ወደ 1 ሚሊ ጠቧል። ለመንሸራተቻ የተውኩት ክፍተት ደግሞ ግማሽ ሚሊ ብቻ ነበር። በግድ ስገፋው ካርቶኑ ተጨማደደ። በዓሉ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል፣ ጓደኛዬም በየሰዓቱ ትደውላለች።

ማታ ቁጭ ብዬ ምክንያቱን ፈለግሁ። ጥፋቱ ያለው ኬ-ፋክተር የሚባለው ቁጥር ላይ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ላሜራ ሲታጠፍ የውጭው ፊት ይሳባል፣ የውስጡ ይጨመቃል። በመሃል ግን የማይሳብም የማይጨመቅም መስመር አለ። ኬ-ፋክተር ይህ መስመር ከውስጥ በኩል ሲለካ ከውፍረቱ ስንት እጅ ላይ እንደሆነ ይናገራል። ለብረት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.5 ባለው መሃል ነው። እኔም ስጀምር ፕሮግራሙ ላይ ያገኘሁትን 0.44 ሳልነካ ነበር የሠራሁት። ካርቶን ግን እንደ ብረት አይደለም። ሲታጠፍ ውስጡ ጭፍልቅ ይላል፣ የውጭው ወረቀት ደግሞ አይለጠጥም። ስለዚህ መስመሩ ወደ ውጭ ይሸሻል።

ከዚያ በኋላ የምሠራው ሙከራ ቀላል ነው። ከዕቃው ላይ ልክ 100 ሚሊ የሆነ ቁራጭ እወስዳለሁ። መሃሉ ላይ 90 ዲግሪ አጥፌ ሁለቱንም ክንዶች ከውጭ በካሊፐር እለካለሁ። ያ ካርቶን 51.5 እና 51.5 ሰጠኝ። ሲደመር 103። ማለትም አንድ እጥፋት 3 ሚሊ «ይጨምራል»። የመታጠፊያውን የውስጥ ራዲየስ ወደ ዜሮ አስጠግቼ ሳሰላው ኬ-ፋክተሩ 0.64 ገደማ መጣ። ከዚህ በፊት ከ0.5 በላይ የሆነ ቁጥር እዚያ ሳጥን ውስጥ ጽፌ አላውቅም። ጻፍኩት። አዲሱን ዝርግ ላክሁ፣ ልባሱም ቆርቆሮው ላይ ሸርተት ብሎ ገባ።

ዛሬ ላይ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ሕግ አለኝ። ፊውዥን ላይ የሺት ሜታል ሕግ (የዕቃው ውፍረትና ኬ-ፋክተር ማለት ነው) በስም ይቀመጣል፤ «ካርቶን 3»፣ «ቆዳ 1.8»፣ «ፕላስቲክ 0.5» እያልኩ አስቀምጫለሁ። አዲስ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ ያችን የ100 ሚሊ ቁራጭ አጥፋለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን እሷን ዘልዬ 20 ካርቶን ጣልኩ።

ቆዳው ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ለአንድ የቆዳ ሠራተኛ የትከሻ ቦርሳ ስነድፍ ፊትና ጀርባውን የሚያያይዘውን የጎን ቁራጭ ፍላንጅ በሚባለው የጠርዝ ማውጫ ትዕዛዝ ሠራሁት፣ ታችኛው ጥግ ላይ በ40 ሚሊ ራዲየስ እየዞረ። ሲዘረጋ አንድ ረጅም ጥብጣብ ሆነ። ጥቅሙ የስፌት ቀዳዳው ላይ ነው። ቀዳዳዎቹ በ4 ሚሊ ርቀት ናቸው፣ የሁለቱም ቁራጭ ቀዳዳ ቁጥር መግጠም አለበት። በእጅ ሲሠራ ጥጉ ላይ ሲዞር አንድ ሁለት ቀዳዳ ይተርፋል፣ ያኔ ቆዳው እየተጎተተ ይሰፋል። እኛ ግን የስፌቱን መስመር ርዝመት ከዝርጉ ላይ አንብበን እኩል ከፋፈልነው። ባለሙያው ወስፌውን ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ፣ የመጨረሻው ቀዳዳ በቀዳዳው ላይ አረፈ።

በጣም የምወደው አጠቃቀም ግን ዕቃው ጭራሽ የማይታጠፍበት ነው።

ለመኝታ ቤት የሚሆን ክብ የመብራት ማቀፊያ በስሪዲ ፕሪንተር ማተም ፈለግሁ። ዲያሜትሩ 120 ሚሊ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ። ዙሪያውን የሐበሻ ቀሚስ ጥለት እንዲዞረው ነው የፈለግሁት፣ ብርሃኑ በጥለቱ ቀዳዳ በኩል እንዲወጣ። መጀመሪያ ጥለቱን ፊት ለፊት ሥዬ በቀጥታ ቀዳሁት። መሃል ላይ ያለው ቆንጆ ሆነ፣ ወደ ጎን ሲሄድ ግን ተለጠጠ። ክብ ነገር ላይ ከአንድ አቅጣጫ ሲቆረጥ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ከዚያ ካርቶኑ ትዝ አለኝ። ክቡንም እንደ ላሜራ ብሠራውስ? በስኬች ላይ ሙሉ ክብ ሊሆን ትንሽ የቀረው ቅስት ሣልኩ። መግጠሚያው ላይ የ0.1 ሚሊ ክፍተት ብቻ ተውኩ። በቅስቱ አንድ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀጥ ያለ መስመር ጨመርኩ። ይቺ መስመር ትልቅ ነገር ናት። ፕሮግራሙ ሲዘረጋ «የትኛው ፊት ይቁምልኝ?» ብሎ ይጠይቃል፣ የሚይዘውም ጠፍጣፋ ፊት ይፈልጋል። ሙሉ ክብ ላይ ደግሞ ጠፍጣፋ ፊት የለም። መጀመሪያ እሷን ሳላስገባ ግማሽ ቀን ታግያለሁ።

«አንፎልድ» (ዘርጋ) ስለው ክቡ ተዘርግቶ ወደ 370 ሚሊ የሚረዝም ጠፍጣፋ ቁራጭ ሆነ። ለ20 ሳካፍለው አንዱ የጥለት ፍሬ 18.5 ሚሊ ደረሰው። እዚያ ላይ አንድ የመስቀል ፍሬ ሥዬ ደገምኩት፣ ቀዳዳውንም ከዳር እስከ ዳር አሳልፌ ቆረጥኩ። ከዚያ «ሪፎልድ» (መልሰህ እጠፍ) አልኩ። ያ ጠፍጣፋ ነገር ተጠቅልሎ ክብ ሆነ። ጥለቱ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ነበር፣ መግጠሚያው ላይ 20ኛው ፍሬ ከ1ኛው ጋር ተያያዘ። ትንሿን መስመር ቆርጬ አወጣሁ፣ ክፍተቱን ሞላሁ፣ ወደ ፕሪንተር ላክሁ። ማታ መብራቱን ሳበራው ጥለቱ ግድግዳው ላይ ተዘረጋ። እናቴ ገብታ አየችና «ይሄማ የኔ ቀሚስ ጥለት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ከእሷ ቀሚስ ነበር ፎቶ ያነሳሁት።

ፊውዥን የሌለው ሰው እንዳይቀር፣ ፍሪካድ የሚባለው የንድፍ ፕሮግራም በነጻ ነው። ሺት ሜታል የሚባል ተጨማሪ ክፍል ሲጫንበት መዘርጋት ይችላል።

ቀጥሎ የሞከርኩት የመሶብ ክዳን ቅርጽ ያለው የመብራት ጥላ ነበር። የታቹ ዲያሜትር 300 ሚሊ፣ የላዩ 100፣ ቁመቱ 200። ሾጣጣ ስለሆነ ተዘርግቶ እንደ ማራገቢያ ቅስት ነው የሚሆነው። ፕሮግራሙ የሰጠኝ ዝርግ የውጭ ራዲየሱ 335.4፣ የውስጡ 111.8፣ ማዕዘኑ 161 ዲግሪ ነበር። የምሠራበት ግቢ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆርቆሮ የሠሩ ሽማግሌ አሉ። ወረቀቱን ሲያዩ «ልጄ፣ ይሄን እኮ እኔ በሚስማርና በገመድ ነው የማወጣው» አሉኝ። «እስቲ ያሳዩኝ ጋሼ» አልኳቸው።

ሚስማሩን መሬት ላይ መቱ። ገመዱን አሰሩ። በእርሳስ ሁለት ቅስት አዞሩ። ከዚያ የታችኛውን ዙሪያ በገመድ ለክተው ቅስቱ ላይ አስተኙና ያበቃበት ላይ ምልክት አደረጉ። ወረቀቴን ከላዩ ሳደርገው ልዩነቱ የእርሳሱን ውፍረት ያህል ነበር። ኬ-ፋክተር የሚባል ቃል ሰምተው አያውቁም፣ ግን «ወፍራም ቆርቆሮ ሲሆን ዙሪያውን ከመሃሉ ነው የምለካው» አሉኝ። ያው ነገር ነው። እኔ በፕሮግራም ተምሬ የደረስኩበትን እሳቸው በእጃቸው ያውቁት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ነገር ሳስብ መጀመሪያ እሳቸውን ነው የማማክረው።

አሁን የያዝኩት አስቸጋሪ ነው። የቅል ቅርጽ ያለው ጥላ ነው፣ በሁለት አቅጣጫ የሚጎብጥ። እንዲህ ያለ ነገር ሳይለጠጥ ወይም ሳይጨማደድ አይዘረጋም፣ የብርቱካን ልጣጭ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ እንደማይጠፈጠፍ። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በ1827 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ያረጋገጠው ይህንኑ ነው። ጋሼ ደግሞ «ቁረጠው፣ እንደ ጃንጥላ» አሉኝ። ስለዚህ ቅሉን ከላይ እስከ ታች 12 ቦታ ከፈልኩት። እያንዳንዱን ክፋይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጎብጥ አድርጌ ሠራሁት። እንዲህ ሲሆን ፕሮግራሙ ያለ ችግር ይዘረጋዋል። በ0.5 ሚሊ ፕላስቲክ ቆርጬ አንድ ጊዜ ገጣጥሜዋለሁ። ሆዱ አካባቢ ጥሩ ነው። አናቱ ላይ 12ቱ ጫፎች ሲገናኙ ግን 2 ሚሊ ቀዳዳ ይተዋሉ። ቅዳሜ ጫፎቹን ትንሽ አስረዝሜ እንደገና እቆርጣለሁ።