«ይበቅል የለም ወይ?»

ጅማ ዞን ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝ የጉዳት ግምት ነው። ከብት ገብቶ የበላውን በቆሎ መገመት ቀላል ነው። ሆን ተብሎ የተጨፈጨፈ ቡና ግን ሌላ ነገር ነው።

አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ቡናዋን በሌሊት ጨፈጨፉባት። መነሻው የድንበር ጠብ ነው። ሰውየው ታወቀ፣ አመነም። ሽማግሌ ገባና ግምት እንዳወጣ ተጠራሁ። ዘመዶቹ የያዙት አንድ ክርክር ነበር፦ «ቡና ተጎንድሎ ይበቅል የለም ወይ? የአንድ ዓመት ምርት ይክፈልና ይታረቁ።»

እኛው ራሳችን ያረጀ ቡና ጎንድሉ እያልን ስለምንመክር ነገሩ እውነት ይመስላል። ጉንደላ ግን ለቀማው ካለቀ በኋላ ነው የሚሠራው፣ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በመጋዝ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ ተደርጎ። የእሷ ቡና ከነቀይ ፍሬው ከሥሩ በገጀራ ነው የተመታው። ግንዱ ተሰነጣጥቋል፣ ቅርፊቱ ተላልጧል። ብዙው አያቆጠቁጥም። ያቆጠቆጠውም ደህና ፍሬ እስኪይዝ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል፣ አዲስ ችግኝ ደግሞ ሦስት አራት ዓመት። እስከዚያ ልጆቿ ምን ይብሉ?

ሽማግሌዎቹን ይዤ ግንድ በግንድ እየዞርኩ አሳየኋቸው። አንዱ አባት፣ «ልጄ፣ አንተ ዕርቅ ነው ወይስ ክስ የምትፈልገው?» አሉኝ።

«ዕርቅ ነው አባባ። ግን ዕዳውን ለምን እሷ ብቻ ትሸከመው?»

የፍትሐ ብሔር ሕጉም በቁጥር 2091 ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ነው የሚለው። መንግሥት እንኳ ለመንገድ ቡና ሲያስነሳ ተክሉ እንደገና እስኪደርስ ያለውን ዓመት ያስባል። በክፋት የቆረጠ ሰው ከዚያ ያነሰ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም።

እሷም ቀድሞ የደረቁትን ጭምር እኩል ቁጠርልኝ ብላኝ ነበር። ለብቻ ጻፍኳቸው። አኮረፈችኝ፣ ግን እሱም ያላጠፋውን መክፈል የለበትም።

በመጨረሻ ለሦስት ዓመት በየለቀማው እንዲከፍል ተስማሙ፣ በጽሑፍና በዋስ። የቃል ስምምነት ሁለተኛው ዓመት ላይ ሲረሳ ስላየሁ በዚህ ላይ ድርቅ ብያለሁ።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ፣ የተቆረጠውን ለማገዶ ከማንሳታችሁ በፊት ባለሙያ ይየው። የካሣ ክስ ደግሞ በመሠረቱ የሁለት ዓመት ገደብ አለው፤ ሽማግሌ ሲያመላልሳችሁ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ።