ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት፦ በኬንታኪ የጌቴሴማኒ ገዳም

በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ወዳለው የካቶሊክ መነኮሳት ገዳም ወደ ጌቴሴማኒ ለመድረስ መኪና ግድ ነው። ከሉዊቪል አውሮፕላን ማረፊያ በ65 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ይኬድና በ112 ቁጥር መውጫ ወደ ባርድስታውን ይታጠፋል። ከባርድስታውን በ31ኢ መንገድ እስከ ከልቨርታውን፣ ከዚያ ወደ ግራ በ247 ቁጥር መንገድ ነው። በጠቅላላው 80 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ ሰዓት ያህል ያስነዳል። ወደ ገዳሙ የሚያደርስ አውቶቡስ የለም። አገሩ የቡርበን ውስኪ አገር ስለሆነ በመንገዱ ዳር በርሜል የሚከማችባቸው ትልልቅ መጋዘኖች ይታያሉ፤ እነሱ አልቀው ደን የለበሱት ጉብታዎች ሲጀምሩ የገዳሙ ግንብ ብቅ ይላል።

የመሠረቱት ከፈረንሳይ ሜለሬ ገዳም የመጡ ትራፒስት መነኮሳት ናቸው፤ ዲሴምበር 21 ቀን 1848 ደረሱ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ትራፒስት የሚባሉት በ1098 በፈረንሳይ፣ ሲቶ በተባለ ቦታ የተጀመረውን የሲታውያን የምንኩስና ሥርዓት አጥብቀው የያዙት ናቸው። በአገራችን ያሉት የካቶሊክ ሲታውያን መነኮሳት ከጣሊያኑ ካዛማሪ ገዳም የወጡ፣ የዚሁ ግንድ ሌላ ቅርንጫፍ ናቸው።

ወደ መነኮሳቱ ቅጥር በሚያስገባው በር ላይ «እግዚአብሔር ብቻ» የሚል ቃል በድንጋይ ተቀርጿል። ቤተ ክርስቲያኑ ረጅምና ጠባብ ነው። በ1960ዎቹ በታደሰ ጊዜ ጎቲክ የሚባለውን የጥንት አውሮፓ የሕንፃ ስልት ለማስመሰል የተለጠፈው ልስን ተነሥቶ ጡቡ እርቃኑን ቀረና ነጭ ተቀባ። ሥዕልና መጋረጃ ለለመደ ዐይን ባዶ ነው። ይህ ባዶነት ግን ለጆሮ የተሠራ ነው፤ ምክንያቱ ጸሎቱ ሲጀመር ይገባል።

የዕለቱ ሥርዓት የሚከፈተው ከሌሊቱ 9፡15 ነው፤ በአሜሪካኖቹ 3፡15 መሆኑ ነው። ከዚህ ወዲያ ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ለዚህ ገዳም የሚስማማውም የእኛው ነው። መነኮሳቱ የሚመሩበት የቅዱስ ቤነዲክቶስ ደንብ የቀኑን ጸሎት የሚቆጥረው ከንጋት ተነሥቶ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት እያለ ነውና፤ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት ከምንለው ጋር አንድ ነው። በነበርኩበት ጊዜ የሚሠራበት ሥርዓት እንዲህ ነበር፦ የነግህ ጸሎት 11፡45፣ ቅዳሴ 12፡15፣ የሠለስቱ 1፡30፣ የቀትሩ 6፡15፣ የተሰዓቱ 8፡15፣ የሠርኩ 11፡30፣ የመኝታው ምሽት 1፡30። ለሥራ እንዲመች ከስማቸው ትንሽ ወዲህና ወዲያ ብለዋል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በሁሉም መገኘት ይችላል፤ ቁርባኑ ግን ለካቶሊኮች ነው። ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው ከሌሊቱ ጸሎት በኋላ «ትንሽ ልጋደም» ብሎ ነው፤ በዚያው እንቅልፍ ይወስደውና ነግሁም ቅዳሴውም ያልፈዋል። ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ ወንበር ላይ መቀመጥ ይሻላል፤ እንቅልፉን ከምሳ በኋላ መመለስ ይቻላል።

የጸሎቱ አጥንት ዳዊት ነው። ቤነዲክቶስ 150ውም መዝሙር በየሳምንቱ እንዲዳረስ አዟል፤ ዛሬ በብዙ የትራፒስት ገዳማት በሁለት ሳምንት ይዳረሳል። እኛ ዳዊት ስንደግም አንድ ንጉሥ፣ ሁለት ንጉሥ እያልን እንደየአንደበታችን ፍጥነት እንወርዳለን። ትራፒስቶቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ሆነው በዝግታ ይቀባበላሉ። የዳዊት ቃል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክንፍ አለው፤ የመጀመሪያው ክንፍ ሲያበቃ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ይባላል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይነሣል። ነጩ ባዶ ግድግዳ ድምፅ አይውጥም፤ የመጀመሪያው ክንፍ ማስተጋባቱን ሳይጨርስ ሁለተኛው ቢነሣ ቃል በቃል ላይ ይደራረብና ይደበላለቃል። ለአዲስ እንግዳ አስቸጋሪዋ ይህች አንዲት ትንፋሽ ናት። ዐይኑ ወደሚቀጥለው መስመር ይቀድማል፣ አፉ ዐይኑን ይከተላል፣ በዝምታው መካከል ብቻውን ይወጣል። መላው ቀላል ነው። በዝምታዋ ጊዜ አየር ማስገባት ሳይሆን ማስወጣት፤ ሁለተኛውን ክንፍ መነኮሳቱ ካነሡት በኋላ ከኋላ መግባት፤ ድምፅን ከጎረቤት ድምፅ ዝቅ ማድረግ። የጎረቤቱን ድምፅ የማይሰማ ሰው ጮኋል ማለት ነው።

ትራፒስቶች የዝምታ ስእለት አለባቸው የሚባለው ስሕተት ነው። ስእለታቸው በአንድ ገዳም ጸንቶ መኖር፣ በምንኩስና ሥርዓት መመላለስና መታዘዝ ነው፤ ዝምታው ደንብ እንጂ ስእለት አይደለም። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ለዕለት ሥራ በእጅ ምልክት ይግባቡ ነበር፤ ዛሬ ለሚያስፈልግ ነገር ይነጋገራሉ። የማይነካው የሌሊቱ ዝምታ ነው፦ የደንቡ 42ኛ ምዕራፍ ከመኝታ ጸሎት በኋላ ማንም እንዳይናገር ያዝዛል፤ የእንግዳ ችግር ወይም የአበምኔቱ ትእዛዝ ካልሆነ በቀር።

እንግዶችም የሚመገቡት በዝምታ ነው። እዚህ ላይ ለእኛ ሰው የሚከብደው የራሱ ጨዋነት ነው። በኮሪደር ሰው ሲያልፍ «እንደምን አደሩ፣ ደኅና ነዎት» ሳይሉ በአንገት ነቀነቅታ ብቻ ማለፍ፤ ሽማግሌ ሲገባ ከወንበር ብድግ ብሎ ቃል አለመጨመር፤ አጠገብ ያለው ትንሽ ሲያነሣ «ኧረ ይጨምሩ» አለማለት። በመጀመሪያው ማዕድ ንቀት ይመስላል። ኋላ ግን ዐይን ይሠራል፤ ጨው ያጣ ሰው ሳይጠይቅ ጨው ይቀርብለታል።

ዝምታውን የሚሰብሩት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ጠረጴዛ ላይ የሚንቀጠቀጥ ስልክ፣ የሚኮሻኮሽ ፌስታል፣ ተረከዙ ጠንካራ ጫማ፣ ሳይያዝ የሚለቀቅ በር። ለሌሊቱ ጸሎት ማንቂያ የሚሞላ ሰው ስልኩን ድምፅ አልባ አድርጎ ትራስ ሥር ያኑረው፤ ግድግዳው ማዶ ሌላ ሰው ተኝቷል። ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ፣ ለሌሊቱ ቅዝቃዜ ጋቢ ወይም ሹራብ፣ የእጅ ባትሪ፣ የራስ ዳዊት ይያዝ። ክፍል አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። የታወቀ ዋጋ የለም፤ እንግዳ እንደ አቅሙ ለገዳሙ ያበረክታል። በጾም ወራት ለሚሄድ ሰው፦ መነኮሳቱ ሥጋ አይበሉም እንጂ አይብና ቅቤ ከማዕዳቸው አይጠፋም፤ ስለዚህ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይዞ መሄድ ነው።

ከ1፡30 እስከ 6፡15 ከእንግዳው ምንም አይጠበቅም። መነኮሳቱ በየሥራቸው ናቸው፤ ገዳሙ ሲተዳደር የኖረው አይብ፣ ኬክና ጣፋጭ ሠርቶ በመሸጥ ነው። ሌሊቱን ፈርቶ የመጣ ሰው ሌሊቱ ቀልሎት ያገኘዋል፤ ደወል አለ፣ ዜማ አለ፣ አጠገቡ የቆመ ሰው አለ። የሚከብደው ጠራራው ነው።

በአራተኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤዋግሪስ ይህን በሰዓት ለክቶ ጽፎታል። የመሰልቸት መንፈስ መነኩሴውን የሚከበው ከአራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት ነው ይላል። ፀሐይዋ የቆመች ትመስላለች፤ ቀኑ የኀምሳ ሰዓት ያህል ይረዝማል። መነኩሴው ወደ መስኮት ወደ መስኮት ያያል፤ ለዘጠኝ ሰዓቱ ማዕድ ስንት ቀረ እያለ ጥላ ይለካል። ቀጥሎ በዓቱ ያስጠላዋል፤ ወንድሞች ፍቅር የላቸውም ይላል፤ ሌላ ቦታ ብሄድ ይሻለኝ ነበር ይላል። የበረሃ አባቶች ይህ በዳዊት 90 የተጠቀሰው የቀትር ጋኔን ነው ብለዋል፤ እኛ «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል» ብለን በቃል የምንይዘው መዝሙር ማለት ነው። ትራፒስቶችም ለመኝታ ጸሎት የሚያዜሙት ይህንኑ ነው።

ዛሬም መልኩ አልተለወጠም። አራት ሰዓት ሲሆን እንግዳው ቡና ሊቀዳ ይነሣል፣ ሳይጠጣው ሌላ ይቀዳል። መጽሐፍ ይገልጣል፣ ሌላ መጽሐፍ ይመርጣል። ወደ ገዳሙ ሱቅ ወርዶ ያየውን ዕቃ እንደገና ያያል። ቀጥሎ የመኪና ቁልፉን ያነሣና ባርድስታውን ደርሶ የሚገዛው አንድ ነገር ያስታውሳል። ቁልፉን ባነሣበት ሰዓት የሚያዋጣው መድኃኒት ጥንታዊው ነው። አባ እንጦንስ በዚሁ መንፈስ ተይዞ ሳለ፣ ቁጭ ብሎ ገመድ የሚታታ፣ ተነሥቶ የሚጸልይ፣ ተመልሶ የሚታታ መልአክ አየ፤ «እንዲህ አድርግ ትድናለህ» ተባለ። ለእንግዳም ይኸው ነው፦ እጅ የሚይዝ ነገር፣ አጭር ጸሎት፣ ተመልሶ እጅ የሚይዝ ነገር። አንድ መዝሙር በእጅ ጽሕፈት መገልበጥ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ እጅን ያስራል፣ ለአእምሮ ግን ቦታ ይተውለታል። ረጅም መንፈሳዊ መጽሐፍ በዚህ ሰዓት አይነበብም፤ ዐይን ያልፋል እንጂ አይይዝም።

የዚህ ገዳም ግጥም የበቀለውም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። መነኩሴና ገጣሚው ቶማስ ሜርተን ወደ ገዳሙ የገባው ዲሴምበር 10 ቀን 1941 ነው፤ የሞተውም በ1968 በዚያው ቀን፣ ለመነኮሳት ጉባኤ ታይላንድ ሄዶ ሳለ በ53 ዓመቱ ነው። መቃብሩ በቤተ ክርስቲያኑ ጎን ከወንድሞቹ ጋር በተርታ ነው፤ እንደ ሌሎቹ አጭር ነጭ መስቀል፣ በላዩም የምንኩስና ስሙ ሉዊስ። በ1943 በካናዳ አየር ኃይል የነበረው ወንድሙ በጦርነቱ ሲሞት የጻፈው ግጥም ከግጥሞቹ ሁሉ ይበልጥብኛል። ለሟቹ የሚያቀርብለት ሌላ የለውም፦ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ጾሙን፣ ጥሙን ይሰጠዋል። የሌሊቱን 9፡15 ጸሎት ቆሞ ያየ ሰው እነዚያ መስመሮች ጌጥ እንዳልሆኑ ያውቃል፤ መነኩሴው በእጁ የነበረው ይኸው ብቻ ነው።

ሜርተን ራሱ ግጥምና አርምሞ ይጣላሉ ብሎ ለዓመታት ተጨንቋል። በ1947 ባሳተመው ጽሑፍ ገጣሚ ወደ ጥልቁ ጸሎት ሲደርስ ጥበቡን መተው ሊኖርበት ይችላል አለ፤ ገጣሚው ከእግዚአብሔር ፊት ሳለ የሚሠራበትን ቃል መፈለግ ይጀምራልና። በ1958 መልሶ ሲጽፈው ያንን አጥር አላላው። ሁለተኛው ይበልጥ ልክ ይመስለኛል፤ ቤነዲክቶስ ሥራን ከጸሎት ጋር ያኖረ ነው፣ ቃልን መጥረብም ሥራ ነው። የፈለገውን ብቸኝነትም በቀላሉ አላገኘውም። ደን ውስጥ ያለችው የብሎኬት ቤት በ1960 ስትሠራ ከሌሎች ቤተ ክርስቲያናት ለሚመጡ እንግዶች መወያያ ተብላ ነበር፤ ለዘለቄታው የገባባት በኦገስት 1965 ነው። ያለ ፈቃድ አይኬድባትም።

በሜርተን ሥር በ1957 ለተመክሮ የገባው የኒካራጓው ገጣሚ ኤርኔስቶ ካርዴናል ሌላ መንገድ ያሳያል። በተመክሮ ላይ ሳለ ግጥም መጻፍ ስላልተፈቀደለት አጫጭር ማስታወሻ ብቻ ያዘ፦ የነፍሳት ጩኸት፣ በሌሊት ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ፣ የወቅቱ መልክ። በ1959 ከወጣ በኋላ ግጥም አደረጋቸው፤ ብዙዎቹ ጥቂት መስመር ብቻ ናቸው፣ ማብራሪያም የላቸውም። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ርቆ ጋቢውን ተከናንቦ ለብቻው ቅኔ ሲቆጥር ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። የእኛው ተማሪ ግን ማታ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፣ ይታረማል፤ ካርዴናል ቃሉን ይዞ ብዙ ጊዜ መቆየት ነበረበት።

የካርዴናልን ዘዴ ለመሞከር ደኑ ይመቻል። ከ247 ቁጥር መንገድ ማዶ የሚጀምረው የእግር መንገድ ወደ ጌቴሴማኒ ሐውልቶች ያደርሳል፤ የተኙት ደቀ መዛሙርት አንድ ቦታ፣ ብቻውን የሚጸልየው ክርስቶስ ከእነርሱ ራቅ ብሎ። መታሰቢያነታቸው በ1965 በአላባማ ለጥቁሮች መብት ሲታገል ለተገደለው የሥነ መለኮት ተማሪ ለጆናታን ዳንኤልስ ነው። ከዝናብ በኋላ መንገዱ ያዳልጣል። ከጸደይ እስከ መኸር መዥገር ስላለ ረጅም ሱሪ ተለብሶ ጫፉ ካልሲ ውስጥ ይገባል፤ ሲመለሱም ከጉልበት ጀርባና ብብት ይፈተሻል።

ማስታወሻው የሚያዘው በዚያው ሰዓት፣ ከአራት እስከ ስድስት፣ ቆሞ ነው። በጆሮ የተሰማው ይጻፋል፣ በልብ የተሰማኝ አይጻፍም፤ ወፍ፣ የእርሻ መኪና፣ የደወል ምት። «ዝምታ» የሚለው ቃል ራሱ አይጻፍ። ከተሰዓቱ ጸሎት በኋላ፣ 8፡15 አልፎ፣ የተጻፈው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ በዳዊቱ ሥርዓት ይነበባል፦ ክንፍ፣ ትንፋሽ፣ ክንፍ። በቀትሩ ጋኔን የተጻፉት መስመሮች ያኔ ይለያሉ፤ ስለ ራስ የሚያዝኑት፣ ስለ ሌላ ቦታ የሚናፍቁት ናቸው። እነርሱ ይሰረዙና የቀረው ሳይነካ ለማግስቱ አራት ሰዓት ይቆያል።