ለትንሽ ቶርኖ ሞተር ከመግዛት በፊት ቮልት መለካት

ባሕር ዳር፣ ሰኔ

ስለ ትንሽ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ሞተር ባሰብኩ ቁጥር የምጀምረው ከፈረስ ጉልበት አይደለም፤ ከማታው መብራት ነው። ከማታ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ሰፈሩ እራት ሲያበስልና እንጀራ ሲጋግር ሶኬቱ ላይ 220 ቮልት አለ ብሎ መገመት ዋጋ ያስከፍላል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 16 አምፒር ገደማ ይወስዳል። በአንድ ቀጭን መስመር ላይ አምስት ስድስት ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲጣድ መጨረሻ ላይ ላለው ቤት የሚተርፈው 180 ቮልት ሊሆን ይችላል። የጣና በለስ 460 ሜጋ ዋትም ሆነ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ለእኛ ቅርብ መሆናቸው እዚህ ላይ አይረዳም። ቮልቱን የሚወስነው ከትራንስፎርመሩ እስከ ቆጣሪው ያለው ሽቦ ርዝመትና ውፍረት፣ ከዚያም በዚያው ሽቦ የሚጠቀመው ሰው ብዛት ነው።

የሞተር ጉልበት ደግሞ ቮልቱ በወረደበት ልክ ብቻ አይወርድም። 180 ለ220 ሲካፈል 0.82 ይመጣል፤ የማስነሻው ጉልበት የሚቀንሰው ይህ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ነውና የሚቀረው 0.67 ነው። አንድ ሦስተኛው ጠፋ ማለት ነው።

ትንንሽ ቶርኖዎች ላይ በብዛት የሚገጠመው ሲንግል ፌዝ፣ ማለትም በተለመደው የቤት መብራት የሚሠራ ሞተር ውስጡ ሁለት ኮይል አለው፦ ዘወትር የሚሠራ ዋና ኮይልና ለመነሳት ብቻ የሚያገለግል ማስነሻ ኮይል። ማስነሻው በካፓሲተር በኩል ይገባል፤ ሞተሩ ከሙሉ ፍጥነቱ 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ሻፍቱ ላይ ያለው ሴንትሪፉጋል ስዊች ይለየዋል። ጤነኛ ሞተር ላይ ይህ ከአንድ ሁለት ሰከንድ አይበልጥም። ቮልት ሲወርድ ግን ቺንጋውን፣ ስፒንድሉን (የቶርኖውን ዋና ዘንግ) እና ብረቱን የሚይዘውን ከባዱን ቻክ ይዞ እዚያ ፍጥነት ላይ መድረስ ያቅተዋል። እየጎተተ ያጓራል፣ ስዊቹም ሳይለይ ይቆያል። ለሁለት ሰከንድ ታስቦ በቀጭን ሽቦ የተጠቀለለ ኮይል ግማሽ ደቂቃ ሲቆይ ቫርኒሹ ያርራል። “ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው የተቃጠለው” ከሚባሉት ሞተሮች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የሞቱ ይመስለኛል። በዚያው ቦታ ያንኑ ዓይነት አዲስ ሞተር መግጠም ያንኑ ሞት መድገም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መልቲሜትር። ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ማታ ይለካል፤ አንድ ቀን ሳይሆን ሳምንት ያህል። ባዶ ሶኬት መለካት ብቻውን አይበቃም፤ የራስ ቤት ምጣድ ተጥዶ ሲለካ ቮልቱ ስንት እንደሚወርድ ማየት ያስፈልጋል። ከቆጣሪው እስከ ቶርኖው ያለውን መስመር ደግሞ በሂሳብ ማወቅ ይቻላል። 30 ሜትር ርቀት ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር የመዳብ ሽቦ ሲሄድና ሲመለስ 0.7 ኦም ይሆናል። የ0.75 ኪሎ ዋት ሲንግል ፌዝ ሞተር ሲነሳ 28 አምፒር ያህል ስለሚስብ 20 ቮልት ገደማ ሽቦው ላይ ይቀራል። በ2.5 ሽቦ ጉድለቱ ወደ 12 ቮልት፣ በ4 ሽቦ ወደ 7 ቮልት ይወርዳል። አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ሞተር ሳይሆን አዲስ ሽቦ ነው።

ሞተሩ በእርግጥ መሞቱንም ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ቺንጋው ወልቆ ማብሪያው ሲጫን እያጓራ የማይነሳ ሞተር ብዙ ጊዜ ዋና ኮይሉ ደኅና ነው። የሞተሩ ገመድ ከሶኬት ተነቅሎ ካፓሲተሩ ይራገፋል፤ በካቻቢቴ ጫፉን ማገናኘት ሳይሆን በ100 ዋት አምፖል በኩል። ካፓሲተሩ ከአንድ እግሩ ተላቆ በመልቲሜትር ሲለካ ከተጻፈበት ማይክሮፋራድ በጣም ካነሰ ጥፋቱ እሱ ነው። ካፓሲተሩ ደኅና ከሆነ የኋላው ክዳን ተከፍቶ የሴንትሪፉጋል ስዊቹ ነጥቦች ይታያሉ፤ የጠቆረ ነጥብ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጠራል፣ ክፉኛ ከተበላ ስዊቹ ይቀየራል። በሌላ በኩል የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተ፣ ወይም በኮይልና በአካሉ መካከል መልቲሜትር ጥቂት ኪሎ ኦም እንኳ ካሳየ ወይ ማስጠቅለል ወይ መቀየር ነው። ለ0.55 ኪሎ ዋት ሞተር ማስጠቅለል ብዙም አያዋጣም፤ የመዳቡና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ያገለገለ ስሪ ፌዝ (በሦስት መስመር የሚሠራ) ሞተር ዋጋ ሊጠጋ ይችላል።

ካፓሲተር ሲቀየር አንድ ስህተት በተደጋጋሚ ይሠራል። የማስነሻ ካፓሲተር ከ100 ማይክሮፋራድ በላይ ሆኖ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የተሠራ ነው። የሥራ ካፓሲተር ግን ከ20 እስከ 30 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት፣ ያለማቋረጥ የሚቆይ ነው። የመጀመሪያው በሁለተኛው ቦታ ከገባ ያብጥና ይፈነዳል።

ማታ ላይ ቮልቱ ከ200 በታች የማይወርድ ከሆነ ሁለት ካፓሲተር ያለው ሲንግል ፌዝ ሞተር በቂ ነው። ከዚያ ከወረደ የእኔ ምርጫ ስሪ ፌዝ ሞተር በቪኤፍዲ ነው። ቪኤፍዲ የሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን ነው፤ ከቤቱ ሲንግል ፌዝ ወስዶ ስሪ ፌዝ 220 ቮልት ያወጣል። ሞተሩን ከዜሮ ጀምሮ ቀስ አድርጎ ስለሚያነሳው አምስት እጥፍ የሚሆነው የመነሻ አምፒር አይኖርም፤ ሊቃጠል የሚችል ማስነሻ ኮይልም ስዊችም የለም። ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ግን ይህ ነው፦ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ኸርዝ 4.4 ቮልት ሲያገኝ ነው፤ 220 ለ50 ሲካፈል ማለት ነው። መግቢያው 180 ቮልት ቢሆንም እስከ 40 ኸርዝ ድረስ ይህ ስሌት አይጓደልም። ማታ ላይ ፍጥነትን ከ40 ኸርዝ በታች አድርጎ መሥራት ጉልበት አያሳጣም። ግን ቪኤፍዲውም የራሱ ዝቅተኛ የመግቢያ ቮልት አለው፤ ከዚያ በታች ራሱን ያጠፋልና ከመግዛት በፊት መመሪያው ላይ ይታያል።

የሞተሩ ታርጋ 220/380 የሚል መሆን አለበት። 380/660 የሚለው ለዚህ ሥራ አይሆንም። 0.75 ኪሎ ዋት፣ ባለ 4 ፖል (የማግኔት ዋልታ)፣ በደቂቃ 1,400 ዙር ገደማ፣ በዴልታ (አያያዙ ከታች ይመጣል) 3.5 አምፒር ያህል። ባለ 2 ፖሉ በደቂቃ 2,800 ዙር ስለሚዞር በነበረው ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ) ላይ ከተገጠመ የቶርኖው ፍጥነት ሁሉ እጥፍ ይሆናል። በሃይስፒድ ቢላ 30 ሚሊ ሜትር ለስላሳ ብረት ለመላጥ የሚፈለገው በደቂቃ 265 ዙር ገደማ ነው፤ ጥርስ ለማውጣት ደግሞ ከ100 በታች። ለቶርኖ ዝግታ ሀብት ነው።

0.55 እና 0.75 ኪሎ ዋት ባለ 4 ፖል ሞተሮች በመደበኛው የዓለም አቀፍ መለኪያ ሁለቱም ቁጥር 80 አካል ናቸው። ሻፍታቸው 19 ሚሊ ሜትር፣ የእግራቸው ቀዳዳ 125 በ100 ሚሊ ሜትር፣ ከእግር እስከ ሻፍት መሃል 80 ሚሊ ሜትር። ትልቁን መውሰድ ተጨማሪ ቦታ አይወስድም ማለት ነው። የባሕር ዳር ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን ታርጋው ላይ ያለው ኃይል የሚታሰበው እስከ 1,000 ሜትርና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል፤ የከተማው ሙቀት ከ40 በጣም ስለሚያንስ ግን ይካካሳል። የማይካካሰው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ሞተሩን እንጨት ሣጥን ውስጥ መዝጋት ከዚያ የባሰ ነው።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋና የራሱ ማራገቢያ ከኋላ ያለው ይሁን። አካሉ ክፍት የሆነ ሞተር የብረት ፍቅፋቂ ይስባል፤ ያ ፍቅፋቂ ኮይሉን ይልጠዋል። ከሐይቁ ዳር የሚገኘው የውሃ ፓምፕ ሞተር ርካሽ ሆኖ ቢያማልልም አልመክርም፦ ባለ 2 ፖል ነው፣ የመነሻ ጉልበቱ ዝቅተኛ ነው፣ ሻፍቱ ለፓምፕ ክንፍ እንጂ ለፑሌጃ አልተሠራም፣ ኩሽኔታውም የቺንጋን ጎን መጎተት አይችልም። የልብስ ማጠቢያ ሞተርም አይሆንም፤ ካርቦን ያለው ዓይነት ያለ ጭነት ሲቀር ከመጠን በላይ ይፈጥናል፣ ቢላው ብረቱን ሲነካ ደግሞ ፍጥነቱ ይወድቃል።

የሞተሩ ሣጥን ሲከፈት ስድስት ጫፍ ይታያል። ከላይ ዩ1፣ ቪ1፣ ደብሊው1፤ ከታች ደብሊው2፣ ዩ2፣ ቪ2። ከፋብሪካው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በስታር ነው፤ የታችኞቹ ሦስቱ በመዳብ ቁራጭ ተያይዘው። ለ220 ቮልት ግን ዴልታ ያስፈልጋል፦ ቁራጮቹ ወጥተው ከላይ ወደ ታች ይቆማሉ፤ ዩ1 ከደብሊው2፣ ቪ1 ከዩ2፣ ደብሊው1 ከቪ2። ይህ ከተረሳ ሞተሩ ይዞራል፣ ያለ ጭነት ጤነኛ ይመስላል፣ ቢላው ትንሽ ጠልቆ ሲገባ ግን ይቆማል፤ ጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ብቻ ሆኗልና። በዚህ ምክንያት ጥሩ ሞተር ደካማ ነው ተብሎ ይመለሳል። ፖሊ (ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ) በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ትብብር በተከፈተባት ከተማ የሩሲያ ሞተር ካጋጠመ ደግሞ ጽሑፉ ይለያል፦ ከሲ1 እስከ ሲ6 ነው። መነሻዎቹ ሲ1፣ ሲ2፣ ሲ3 ሲሆኑ ዴልታው ሲ1 ከሲ6፣ ሲ2 ከሲ4፣ ሲ3 ከሲ5 ነው።

ከብሬከሩ እስከ ቪኤፍዲው 2.5 ሽቦ፣ 16 አምፒር ብሬከር። ከቪኤፍዲው እስከ ሞተሩ 1.5 ባለ አራት ሽቦ ገመድ፣ ከተቻለ 2 ሜትር የማይሞላ። በመካከላቸው ስዊችም ኮንታክተርም ካፓሲተርም አይገባም፤ ቪኤፍዲው እየሠራ ያ መስመር ከተቋረጠ የውጤት ትራንዚስተሮቹ ሊሞቱ ይችላሉ። ማስነሻና ማቆሚያው በመቆጣጠሪያ ተርሚናሎቹ በኩል ነው። አረንጓዴ ቢጫው ሽቦ ከሞተሩ አካልም ከቶርኖው አልጋም ይታሰራል፤ ከአልጋው እስከ ሶኬቱ ኧርዝ በመልቲሜትር ከ1 ኦም በላይ ካሳየ ሥራው አላለቀም። ሶኬቱ ኧርዝ የሚል እግር ስላለው ብቻ ኧርዝ አለው ማለት አይደለም፤ በብዙ ቤት ከጀርባው ባዶ ነው። ቪኤፍዲው ከጠፋ በኋላ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት 10 ደቂቃ ይጠበቃል።

ቪኤፍዲው ላይ ከሚስተካከሉት ቁጥሮች መጀመሪያ የሚገባው የሞተሩ አምፒር ነው፤ ያ ካልገባ ቪኤፍዲው ሞተሩን ከመቃጠል አያድነውም። መሠረታዊው 50 ኸርዝ፣ ከፍተኛው 70። ከ50 በላይ ፍጥነት ይጨምራል እንጂ ጉልበት ይወርዳል። ዝቅተኛው 15፤ ከ25 በታች ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የሞተሩ የራሱ ማራገቢያ ስለሚዘገይ አካሉ ይግላል፤ ለዝግታ ሥራ የቺንጋውን ደረጃ መቀየር ይሻላል። መነሻ 4 ሰከንድ፣ ማቆሚያ 5 ሰከንድ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በራሱ የመነሳት አማራጩ የግድ መዘጋት አለበት፤ ማብሪያውም ተጭኖ የሚለቀቅ ዓይነት ይሁን። መብራት ሲመለስ እጅ ቻኩ ላይ ሊሆን ይችላል።

ቻኩ በጥርስ የሚታሰር ዓይነት ከሆነ የማቆሚያው ሰከንድ ከ5 አይነስ፣ ወደ ኋላ መዞሩም ይዘጋ። ስፒንድሉ በድንገት ሲቆም ቻኩ በራሱ ክብደት መዞሩን ይቀጥልና ተፈትቶ ይወድቃል። ብዙ ኪሎ የሚመዝን የሚሽከረከር ብረት ነው፤ ይህን ዐረፍተ ነገር የማያነብ ሰው እንዳይኖር እመኛለሁ።

ቻኩ ከፊት ሲታይ ከሰዓት በተቃራኒ መዞር አለበት። ከተገለበጠ ከቪኤፍዲው መውጫ ሁለት ሽቦ ቦታ ይለዋወጣል፤ በሲንግል ፌዝ ሞተር ላይ ደግሞ የማስነሻ ኮይሉ ሁለት ጫፎች።

የድሮው ፑሌጃ ቀዳዳ 14 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 19 መስፋትና የ6 ሚሊ ሜትር ቻቬታ (ፑሌጃው ሻፍቱ ላይ እንዳይንሸራተት የሚገባ ቁራጭ ብረት) መንገድ መውጣት አለበት። ይህን ለማድረግ ቶርኖ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የድሮው ሞተር ትንሽም ቢሆን የሚሠራ ከሆነ ሳይወልቅ በፊት ይቦርቦር፣ ካልሆነ ወደ ቶርኖ ቤት ይላክ። ሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ለፊት መስመር መግጠማቸው በተወጠረ ክር ይታያል። ቺንጋው መሃሉ በአውራ ጣት ሲጫን ለ300 ሚሊ ሜትር ርዝመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረግብ። ከመጠን ያለፈ መወጠር የሞተሩን የፊት ኩሽኔታ በወራት ይጨርሰዋል።

ሰኔ ስለሆነ ስለ እርጥበትም ልጻፍ። ለወራት የተቀመጠ ሞተር ክረምት ላይ እርጥበት ይጠጣል። ከመገጠሙ በፊት በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ከኮይል ወደ አካል ይለካል፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ መብራት አይሰጠውም። ክዳኑ ተከፍቶ አንድ የ60 ዋት አምፖል ውስጡ በርቶ ያድራል፤ ጠዋት እንደገና ይለካል።

መጀመሪያ ያለ ቺንጋ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ከቺንጋ ጋር ያለ ብረት 20 ደቂቃ ይዞራል። ከዚያ በኋላ እጅ አካሉ ላይ አምስት ሰከንድ መቆየት ካልቻለ ዴልታው፣ አምፒሩና የቺንጋው ውጥረት እንደገና ይታያሉ። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ከአንድ ሳምንት ሥራ በኋላ እንደገና ይወጠራል፤ የገቡት ቁጥሮች ሁሉ በወረቀት ተጽፈው ከቪኤፍዲው ሣጥን ክዳን ውስጥ ይለጠፋሉ።