አደዩን ተወው

ዛሬ ደብረ ብርሃን አክስቴ ጓሮ የካሮት መደብ ሳርም ዋልኩ። ጓሮ እንበለው እንጂ ቤቱን ይዞ ያለው እሱ ነው፤ ካሮት፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ጥጉ ላይ ነጭ ሽንኩርት።

አንድ ቢጫ አበባ ጨብጬ ልነቅል ስል፣ "ተው! አደዩን ተወው" አለችኝ።

"እትዬ፣ እሱም እኮ አረም ነው።"

"አጣሁት እንዴ? እስከ ደመራ ይቆይ።"

ቀና ብዬ ሳይ ለካ በየመደቡ ጫፍ አንዳንድ እግር አደይ ትታለች። ዙሪያውን እንደ ካሮቱ ኮትኩታለታለች። አንዲት ንብ አበባው መሃል ገብታ ስትወጣ እግሯ ቢጫ ዱቄት ለብሷል። አፈሩ ገና የክረምቱን ውሃ እንደያዘ ነው፤ ጣቴ ላይ ተጣብቆ አልለቅ አለኝ።

መስከረም 16 ቆርጣ ከችቦው ጋር ታስረዋለች። የቀረው ዘሩ ሳይረግፍ ይነቀላል።

በቆጠራው መፀው የሚገባው መስከረም 26 ነው። እዚህ ደጋ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ውርጩ ይከተላል፤ ጎመኑን በአንድ ሌሊት የሚያቃጥለው። በመሃል ያለችው ጊዜ አጭር ናት። ከዚህች ጠባብ መሬት ላይ ለአበባ ቦታ መቁረጧ ግን ሆዴን አባባው።

ስሄድ ጎመን በፌስታል ሞላችልኝ። ከላይ አንድ እግር አደይ፣ ከነጤዛው።