ሞዴሌ ከላብራቶሪው ብረት ቀድሞ ሲወድቅብኝ

ስጀምረው የሁለት ቀን ሥራ ነበር የመሰለኝ። ወዲህ ወዲያ እየተገፋ የተሞከረ የብረት ፍሬም አለ፣ የላብራቶሪው (ከዚህ በኋላ ላቡ) ዳታ እጄ ላይ ነው፣ የኔ ድርሻ ኦፕንሲስ (ሕንፃ በመሬት መንቀጥቀጥ እንዴት እንደሚሆን የሚያሰላ ሶፍትዌር) ላይ ሞዴል ሰርቼ ሉፖቹን (ጉልበቱና መጣመሙ በየዙሩ የሚሰሩትን ቀለበት) ከላቡ ጋር ማገጣጠም ብቻ። መጀመሪያ ተራ ባይሊኒየር ሂንጅ (ቢሙ የሚታጠፍበትን ቦታ በሁለት ቀጥታ መስመር የሚወክል) አደረኩ፣ ትንንሾቹ ዙሮች ላይ ልክክ ብሎ ገጠመ። ድሪፍቱ (የጎን መዘንበሉ) 3 ፐርሰንት ሲያልፍ ግን የላቡ ቢም (አግድም ተሸካሚው) ፍላንጁ (የጠርዙ ሳህን) መጣመም ጀምሮ በየዙሩ አቅሙ እየወረደ ነው፣ የኔው ሞዴል ድካም የሚባል ነገር አያውቅም እንደ አዲስ ይሸከማል።

ስለዚህ በ2005 ወደወጣው የኢባራ፣ መዲና እና ክራዊንክለር ሞዴል ዞርኩ። ሀሳቡ ደስ ይላል፣ ሂንጁ በእድሜው ሊበላ የሚችለው የኢነርጂ ቀለብ ይሰጠዋል፣ እያንዳንዱ ዙር ከቀለቡ ሲቀንስ አቅሙም ስቲፍነሱም (ግትርነቱም) አብሮ ይወርዳል፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ላምዳ የሚሉት ቁጥር ነው፣ ሲያንስ ቶሎ ይደክማል።

እዚህ ላይ ነው የተሸወድኩት። ባክቦን ከርቩን (ሂንጁ ሳይደክም የሚሸከመውን የሚያሳየውን መስመር) ያወጣሁት የላቡን ሉፖች ጫፍ ለጫፍ አገናኝቼ ነው፣ ከዛ ላዩ ላይ ላምዳ ጨመርኩ፣ ሞዴሉ እንደ ሰም ቀለጠ። ሁለት ሳምንት ኮንቨርጀንስ ነው (ስሌቱ መልስ ላይ አልረጋ ብሎ ነው)፣ የስሌቱ ስቴፕ ትልቅ ሆኖ ነው እያልኩ ስነካካ ከረምኩ (ላምዳውን ሳሳድገው ትንሽ ይሻለዋል፣ እሱ ነው ያዘናጋኝ)። በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ ስክሪኑን አይቶ "ይሄን ባክቦን ከየት አመጣኸው?" አለኝ፣ በቃ ገባኝ።

በተለመደው የሳክ ፕሮቶኮል (ግፊቱ በደረጃ እየጨመረ የሚሄድ የሙከራ ቅደም ተከተል) 4 ፐርሰንት ላይ ከመድረሱ በፊት ቢሙ 28 ዙር ተገፍቷል፣ የመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ ኢላስቲክ ናቸው (ብረቱ ሳይጎዳ ይመለሳል) የኋለኞቹ ግን ጉዳት ጥለው አልፈዋል፣ ስለዚህ የሉፖቹ ጫፍ ላይ ድካሙ ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው። እኔ ያንኑ ድካም ሁለቴ እያስከፈልኩት ነበር። ላምዳ ከተጠቀምክ ባክቦኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተገፍቶ ከተሞከረ ናሙና መምጣት አለበት፣ እሱ ከሌለህ ደግሞ የሉፑን ጫፍ ያዝና ድካሙን አጥፋው፣ ያኔ ግን ውጤቱ የሚሰራው ለዛ ፕሮቶኮል ወይ ለሚመስለው ብቻ እንደሆነ እወቅ። እኔ በአንድ አቅጣጫ የተሞከረ አቻ ናሙና አገኘሁ፣ እድል ነው።

ሌላው ትንሽ ነገር ግን ግማሽ ቀን የበላኝ፦ ስፕሪንጉን (ሂንጁን የሚወክለውን) ከቢሙ 10 እጥፍ ስቲፍ ስታደርገው የሃርደኒንግ ሬሾውም (ብረቱ ከተሸነፈ በኋላ የሚቀረው የግትርነት ድርሻ) አብሮ መስተካከል አለበት። 0.03 የፈለኩት ስፕሪንጉ ላይ ወደ 0.0028 መውረድ ነበረበት፣ እኔ 0.03ን እንዳለ አስገብቼ ሞመንቱ (የማጠፍ ጉልበቱ) ሰማይ ነካ።

አሁን ሉፕ በአይን ማመሳሰል ትቼ የተጠራቀመውን ኢነርጂ ነው ከላቡ ጋር የማወዳድረው፣ አይን ቶሎ ይታለላል። መጨረሻ ላይ ፍላንጁ ሲቀደድ ያለውን ድንገተኛ ውድቀት ግን ሞዴሉ በራሱ አያመጣውም፣ የመጨረሻ ሮቴሽን (ሂንጁ ሊዞር የሚችልበት ገደብ) አስገብቼ ነው እዛ ጋ የቆረጥኩት፣ ቁጥሩንም ከዚሁ ናሙና ስለወሰድኩት ትንበያ ነው ብዬ አላወራም።